ቤት ሲሸጥ የማይሸጠው

ሰው ቤት ሲገዛ በውሉ ላይ የሚጻፈው ነገር የታወቀ ነው። የመሬቱ ስፋት ይጻፋል፤ የክፍሎቹ ቍጥር ይጻፋል፤ ወንበሩና ጠረጴዛው፣ ድስቱና ሳህኑ አንድ በአንድ ተቈጥሮ ይጻፋል። ሻጩ ይፈርማል፤ ገዢው ይፈርማል፤ ምስክሮችም ይፈርማሉ። ነገር ግን ያ ቤት ሰው የሚበላበትና የሚያርፍበት፣ ደክሞት የመጣ መንገደኛ እንደ እናቱ ቤት የሚቈጥረው የሆነ እንደ ሆነ፣ ከንብረቱ ሁሉ የሚበልጠው ሀብት በውሉ ላይ አይገኝም። እርሱም የሰው ፍቅር ነው። የሰው ፍቅር በክንድ አይለካም፤ በሚዛን አይመዘንም፤ ስለዚህ ሻጩ ቢፈልግ እንኳ ሊሸጠው አይችልም። አዲሱ ባለቤት ቁልፉን በአንድ ቀን ይረከባል፤ ፍቅሩን ግን በብዙ ዓመት ድካም እንደ ገና ማግኘት አለበት።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ብቻ የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የምግብ ቤትም ታሪክ አለው እላለሁ። ደግሞም ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት ከጦር ሜዳ ከሚገኘው የሚያንስ አይደለም። ከእናንተ ውስጥ የጦር አዛዥ የሚሆነው ጥቂት ነው፤ ከሌላ ሰው እጅ የተጀመረ ሥራ የሚረከበው ግን ሁላችሁም ናችሁ። አንዱ ሱቅ ይረከባል፤ አንዱ የትምህርት ክፍል ይረከባል፤ አንዱ የአባቱን እርሻ ይረከባል። ስለዚህ በተራራ ግርጌ የነበሩ የሁለት ቤቶችን ታሪክ ልነግራችሁ ወደድሁ። አንደኛው በስዊስ አገር፣ ሁለተኛው በዌልስ አገር ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ በተራራ ግርጌ ያለ ቤት ከሌላው ምግብ ቤት የሚለይበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። በከተማ መካከል ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው በልቶ ከፍሎ ይሄዳል፤ ነገ ባይመለስ ማንም አይጨነቅም። በተራራ ግርጌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተራራ ወጪው ወደ ገደሉ ከመሄዱ በፊት የመጨረሻውን ትኩስ ምግብ የሚበላው እዚያ ነው። በየት በኩል እንደሚወጣና መቼ እንደሚመለስ የሚናገረውም ለቤቱ ባለቤት ነው። ማታ ጠረጴዛው ሲዘረጋ አንድ ወንበር ባዶ ቢሆን፣ ባለቤቱ ሒሳቡን ማሰብ ትቶ ፋኖሱን ያበራል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ምግብ ብቻ አይሸጥም፤ የሰውን ሕይወት በአደራ ይቀበላል ማለት ነው። የእኛም አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት የአደራን ክብደት ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቤት እንሂድ።

በስዊስ አገር ቫሊስ በሚባለው ክፍል፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ዜርማት የምትባል መንደር አለች። በላይዋ ማተርሆርን የተባለው ተራራ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከፍታውም 4,478 ሜትር ነው። ዛሬ ዜርማት በዓለም የታወቀች የሀብታሞች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ከብት የሚያረቡ ድኾች የሚኖሩባት፣ የሠረገላ መንገድ እንኳ ያልገባባት ትንሽ መንደር ነበረች። የእንግዳ ማረፊያም አልነበራትም፤ ዕፅዋትና ድንጋይ ሊመረምር የመጣ መንገደኛ በቄሱ ቤት ያድር ነበር። በ1839 የመንደሩ ሐኪም ላውበር በቤቱ ጥቂት አልጋዎች ዘርግቶ እንግዳ መቀበል ጀመረ። ሐኪሙ የሆቴል ሰው አልነበረም፤ ግን ቤት ለእንግዳ ብሎ በሩን የከፈተ ደግ ሰው ነበረ።

በ1853 ይህን ትንሽ ቤት አሌክሳንደር ዛይለር የሚባል ሰው ተከራየው። ዛይለር በ1819 የተወለደ፣ ከዚያው ከቫሊስ ክፍል ከጎምስ ሸለቆ የመጣ የገበሬ አገር ልጅ ነው፤ ሥራውም ሳሙና መሥራት ነበር። ወደ ዜርማት የሳበው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ካህኑ ወንድሙ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤቱን ገዛው፤ አሰፋው፤ በ1855ም ሞንቴ ሮዛ ብሎ ሰየመው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። አዲሱ ባለቤት ከሐኪሙ የተቀበለውን ቤት እንዳለ አላቈየውም። አልጋ ጨመረ፤ ክፍል ጨመረ፤ ስሙንም ለወጠ። ነገር ግን ሐኪሙ የከፈተውን በር አልዘጋም። መንገደኛው ሲመጣ እንደ ገንዘብ ከረጢት ሳይሆን እንደ ሰው የሚታይበት ልማድ በአዲሱ ቤት ቀጠለ፤ እንዲያውም ጨመረ። ሚስቱ ካታሪናም ወጥ ቤቱንና እንግዳውን በእናት ዐይን ትጠብቅ ስለ ነበረ የቤቱ ክብር ግማሹ የእርስዋ ነው ቢባል ስሕተት አይደለም።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተማሩና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ተራራ መውጣትን እንደ ታላቅ ሥራ ይቈጥሩት ጀምረው ነበር። በ1857ም በለንደን ከተማ የተራራ ወጪዎች ማኅበር አቋቋሙ። እነዚህ ሰዎች በበጋ ወደ ዜርማት ሲመጡ የሚያርፉት በዛይለር ቤት ነው። ከቤቱ ደጃፍ ፊት ለፊት አንድ አጭር የድንጋይ ግንብ ነበረ፤ በዚያ ላይ የመንደሩ መንገድ መሪዎች ተቀምጠው ሥራ ይጠብቃሉ። ከለንደን የመጣው ጌታና ከብት ሲጠብቅ ያደገው መንገድ መሪ በዚያ ደጃፍ ላይ እኩል ቆመው ስለ ነፋሱና ስለ በረዶው ይመካከሩ ነበር። በከተማ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሌላውን ቀና ብሎም አያይም። ይህን እኩልነት ያመጣው ሕግ አይደለም፤ በላይ ያለው ተራራና በታች ያለው ቤት ናቸው።

የቤቱ ትልቅ ፈተና የደረሰው በሐምሌ ወር በ1865 ነው። ኤድዋርድ ዊምፐር የሚባል የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ማተርሆርንን ለመውጣት ብዙ ጊዜ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ከሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ ጋር ወደ ዜርማት መጣ። በሞንቴ ሮዛ ደጃፍ ባለው ግንብ ላይ ቀድሞ መሪው የነበረውን ሚሼል ክሮዝን ተቀምጦ አገኘው፤ ክሮዝ ግን ሃድሰን ለሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ተቀጥሮ ነበር። ሃድሰንም ያሰበው ያንኑ ተራራ ነው። በዚያው ማታ በቤቱ ውስጥ ተነጋግረው በአንድነት ሊሄዱ ተስማሙ። ሃዶው የተባለ የ19 ዓመት ልጅና ታውግቫልደር የሚባሉ አባትና ልጅ መሪዎች ተጨምረው ሰባት ሆኑ።

ሐምሌ 13 ቀን ከዜርማት ተነሡ፤ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ከዚያ በፊት የሰው እግር ያልረገጠውን ጫፍ ረገጡ። ሲወርዱ ግን ልምድ ያልነበረው ሃዶው አዳልጦት ክሮዝን መታው፤ ሃድሰንንና ዳግላስንም ጐተታቸው። በዳግላስና በሽማግሌው ታውግቫልደር መካከል ያለው ገመድ ተበጠሰ። አራቱ ወደ ገደሉ ወደቁ፤ ሦስቱ ቀሩ።

ዊምፐር ሐምሌ 15 ቀን ጧት ወደ ዜርማት ሲደርስ በበሩ ላይ የተቀበለው ዛይለር ነው። ዊምፐር ራሱ ኋላ እንደ ጻፈው፣ ባለቤቱ ምንም ሳይናገር ወደ ክፍሉ ተከተለው፤ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ፤ የተመለሱት ሦስት ብቻ መሆናቸውን ሲሰማ አለቀሰ። ነገር ግን በለቅሶ ጊዜ አላጠፋም፤ ወዲያው ወጥቶ መንደሩን ቀሰቀሰ። ሰዎችም የወደቁትን ለመፈለግ ወጡ። የሦስቱ አስከሬን ተገኘ፤ የዳግላስ ግን ሳይገኝ ቀረ።

ልጆቼ፤ ይህን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ከሦስት ቀን በፊት ሳህን ያቀረበላቸው ሰዎች ሞተዋል። ነጋዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያስበው «ይህ ወሬ ሲሰማ እንግዳ ይቀርብኛል» የሚለውን ነው። እርሱ ግን መጀመሪያ እንደ ሰው አለቀሰ፤ ቀጥሎ እንደ ባለ አደራ ሠራ። የቤቱ ፍቅር የተገዛው በዚያ ጧት ነው እንጂ በተፈረመው ውል አይደለም።

ነገር ግን የዛይለር ታሪክ በዚህ አያበቃም፤ የሚያሳዝንም ክፍል አለው። በስዊስ መንደሮች የመንደሩ ባለ መብት መሆን ከአባት የሚወረስ ነገር ነው። ባለ መብት የሆነ ሰው በጋራ ግጦሽና በጋራ ደን ይካፈላል፤ በመንደሩ ሸንጎም ይናገራል። ዛይለር በዜርማት ከኖረና ለብዙ ሰው እንጀራ ከሆነ በኋላ፣ በ1871 ይህን መብት ጠየቀ። መንደርተኞቹ እንቢ አሉ። ሰውዬው ከሩቅ አገር የመጣ አልነበረም፤ ቋንቋው ቋንቋቸው፣ ሃይማኖቱም ሃይማኖታቸው ነው፤ የተወለደበት ሸለቆ በዚያው በቫሊስ ክፍል ውስጥ ነው። እነርሱ ግን በአፋቸው ባይሉትም «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለውን ምሳሌ ይከተሉ ነበር። ሀብታም የሆነ መጤ ደናችንንና ግጦሻችንን ይወስድብናል ብለው ፈሩ። ነገሩ ከመንደሩ ሸንጎ ወደ አውራጃው፣ ከዚያም እስከ አገሪቱ ላይኛ ባለ ሥልጣኖች ድረስ ደርሶ 18 ዓመት ፈጀ። በ1889 መብቱ ጸናለት። ከዚያም ብዙ ሳይቈይ፣ በሐምሌ ወር በ1891 ዛይለር በዜርማት ሞተ። በዚያው ወር የባቡር ሐዲድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መንደሩ ገባ።

እኔ መንደርተኞቹን ክፉዎች ናቸው ብዬ አልፈርድባቸውም። ድኻ ያለውን ጥቂት ነገር ቢጠብቅ አይነቀፍም፤ ደግሞም አንድ ሰው ብዙ ቤት ሲሰበስብ ማየት ጐረቤትን ያሳስባል፤ ዛይለርም ከሞንቴ ሮዛ በላይ ሌሎች ሆቴሎችን ይዞ ነበር። ሆኖም ፍርሃት ዐይንን ሲሸፍን ሰው የሚጠቅመውን ከሚጐዳው መለየት ያቅተዋል። በችግራቸው ቀን መንደሩን የቀሰቀሰውን ሰው «አንተ የእኛ አይደለህም» ማለት ትልቅ ዕዳ ነው። እንግዲህ ቤት ባለቤት ሲለውጥ ፈተናው በአዲሱ ባለቤት ላይ ብቻ አይደለም፤ በተቀባዩ ሕዝብም ላይ ነው። አዲሱ ሰው አደራውን ሲጠብቅ ዐይቶ «የእኛ ነው» ማለት የጐረቤት ፈንታ ነው።

ሁለተኛው ቤት ከዚህ በብዙ ነገር ይለያል። በዌልስ አገር በሰሜን በኩል ስኖውደን የሚባል ተራራ አለ፤ የአገሩ ሰዎች ኢር ዊድቫ ይሉታል። ከፍታው 1,085 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ የእኛ ደጋ ሰው ኰረብታ እንጂ ተራራ አይለውም። ነገር ግን ገደሉ የከፋ፣ ዝናቡና ጉሙ የበዛ ነው። በተራራው ግርጌ ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ፔን ኢ ጉሪድ የሚባል ከድንጋይ የተሠራ ቤት ቆሟል። በ1847 ሃሪ ኦወን የሚባል ሰው ይህን ቤት ያዘ፤ ከሚስቱ ከአን ጋር ሆኖ እስከ 1891 ድረስ 44 ዓመት እንግዳ ተቀበለበት። ሃሪ ኦወን አስተናጋጅ ብቻ ሳይሆን መንገድ መሪም ነበረ፤ ያበላውን እንግዳ ራሱ ወደ ተራራው ይዞ ይወጣል። የእንግሊዝ ደራሲ ቻርልስ ኪንግስሊ በ1856 ከወዳጆቹ ጋር ወደዚያ ሄዶ ነበር፤ በ1857 ባሳተመውም ልብ ወለድ ይህን ቤት አንሥቶታል።

በዚያ ቤት እንግዶች ስማቸውን የሚጽፉበት መጽሐፍ ነበረ። ነገር ግን ያለፈ ያገደመ ሁሉ ቀልድና ሥዕል ስለሚሞነጭርበት፣ ተራራ ወጪዎቹ በ1884 ሌላ መጽሐፍ አስቀመጡ፤ ቁልፍም አበጁለት። ስለዚህም ባለ ቁልፉ መጽሐፍ ተባለ። በዚህ መጽሐፍ ማን በየትኛው ገደል በኩል እንደ ወጣ፣ በረዶው እንዴት እንደ ነበረ፣ የቱ መንገድ አደገኛ እንደ ሆነ ይጻፍበት ነበር። ኋላ የዌልስ ተራራ መውጣት ታሪክ ሲጻፍ ከምንጮቹ አንዱ ይህ መጽሐፍ ሆነ። በዚያ ቤት ይሰበሰቡ ከነበሩት መካከል የሆነው ማቲውስ በ1898 የተቋቋመው የተራራ ወጪዎች ክበብ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆነ። ማኅበር የሚወለደው ሁልጊዜ በአዳራሽ አይደለም፤ ሾርባ በሚጠጣበት ጠረጴዛ ዙሪያም ይወለዳል።

ሃሪ ኦወን በ1891 ሞተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሚስቱ አረፈች። ቤቱ ወደ ሌላ እጅ አለፈ። ግድግዳው ያው ነው፤ መንገዱ ያው ነው፤ ተራራውም አልተንቀሳቀሰም። ነገር ግን የቤቱ ስም እየቀዘቀዘ ሄደ። ተራራ ወጪዎቹ ሽቅብ ጥቂት መንገድ ተጕዘው ፔን ኢ ፓስ ወደሚባለው ሌላ ቤት ዞሩ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የአገሩ ታላላቅ ተራራ ወጪዎች በፋሲካና በገና የሚሰበሰቡት እዚያ ነበር፤ በ1924 በኤቨረስት ላይ የሞተው ጆርጅ ማሎሪም ከእነርሱ አንዱ ነበረ። በአሮጌው ቤት ዘንድ የቀረው ትዝታው ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዌልስም ይሠራል። በወጣትነቴ ዘመን በአንዲት ትንሽ ከተማ ደጋግሜ የምበላበት አንድ ምግብ ቤት ነበረ። የድሮዋ ባለቤት ሸጣው ስትሄድ አዲሱ ገዢ ግድግዳውን ቀለም ቀባ፤ አዲስ ወንበር አመጣ፤ ምግቡንም አላበላሸም። ነገር ግን ከደጁ ውጭ የነበረውን፣ ጭነት የሚያወርዱ ሠራተኞችና አላፊ አግዳሚ የሚያርፉበትን አሮጌ አግዳሚ ወንበር አስነሣ፤ የሚቀመጡበት ሰዎች ምንም አይገዙም ብሎ። በዓመቱ ቤቱ ባዶ ሆነ። ምግቡን ሊበሉ ይመጡ የነበሩት ሰዎች የሚመጡት፣ ለካ በዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ወዳጆቻቸውን ሲያዩ ኖሯል! ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዋጋ የሚያውቅ አይደለም።

ወደ ዌልስ እንመለስ። በ1921 ሎክዉድ የሚባል ሰው ፔን ኢ ጉሪድን ያዘ። እርሱ ራሱ ገደል የሚወጣ ሰው ነበረ፤ በዚያ አካባቢ በስሙ የሚጠራ የገደል መንገድም አለ። ስለዚህ እንግዳው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ክሪስ ብሪግስና ሚስቱ ቤቱን ተረከቡት። ከዚህ በኋላ የድሮው ስም ተመለሰ። ብሪግስ በተራራው ላይ ሰው ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ከቤቱ ሰዎችና ከእንግዶቹ ጋር እየወጣ ለብዙ ዓመት የብዙ ሰው ነፍስ ረዳ። ዛሬ ለዚህ ሥራ የተደራጁ ቡድኖች አሉ፤ በዚያ ጊዜ ግን የድረሱልኝ ጥሪ የሚመጣው ወደ ምግብ ቤቱ ነበር። ምሳ እያቀረበ ያለ ሰው ሽርጡን ፈትቶ ገመድ ይዞ ወደ ጉሙ ሲገባ አስቡት።

በ1953 መጀመሪያ፣ ጆን ሃንት የሚመራው የእንግሊዝ የኤቨረስት ቡድን በዚህ ቤት ሰፍሮ ልምምድ አደረገ፤ የመተንፈሻ መሣሪያውንም በስኖውደን ዙሪያ ሞከረ። በዚያው ዓመት ግንቦት 29 ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌ የዓለምን ጫፍ ረገጡ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ሰዎች በየጊዜው ለመገናኘት የመረጡት ታላላቅ ሆቴሎችን አይደለም፤ ይህንኑ የድንጋይ ቤት ነው። ስማቸውንም በጣሪያው ላይ ጻፉ፤ የሂላሪም የቴንዚንግም ስም በዚያ ይታያል። ንጉሥ ጋብዞት ሊበላ የሚችል ሰው፣ ተርቦና በርዶት የበላበትን ጠረጴዛ አልረሳም። ቤቱም ከብሪግስ ወደ ልጁ፣ ከልጁም ወደ ልጅ ልጆቹ ተላለፈ። አላሰፉትም፤ የቅንጦት ሆቴልም አላደረጉትም፤ የራት ሰዓት ሲደርስ ደወል እየተመታ ሁሉም በአንድነት ለማዕድ የሚቀመጥበትን ልማድ ጠበቁ።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን እንመርምር። በዜርማት አዲሱ ባለቤት ሁሉን አሰፋ፣ ስሙን ሳይቀር ለወጠ፤ ቤቱ ተወደደ። በዌልስ በኋላ የመጡት ባለቤቶች ምንም አላሰፉም፣ ስሙንም አልነኩም፤ ቤቱ ተወደደ። ስለዚህ «አትለውጥ» የሚለው ምክር ብቻውን እውነት አይደለም፤ «ለውጥ» የሚለውም ብቻውን እውነት አይደለም። ጥያቄው መለወጥ ወይም አለመለወጥ አይደለም። ጥያቄው የቤቱ ነፍስ ወዴት እንዳለች ማወቅ ነው። የዛይለር ቤት ነፍስ በአልጋው ቍጥር ላይ አልነበረችም፤ በደጃፉ ግንብና በባለቤቱ ልብ ላይ ነበረች። የፔን ኢ ጉሪድም ነፍስ በመጽሐፉ፣ በማዕዱና በፋኖሱ ላይ ነበረች። ነፍሱን ያወቀ ሰው ሥጋውን ቢለውጥ አይጐዳም፤ ነፍሱን ያላወቀ ግን ሥጋውን እንዳለ ቢያቈየውም የያዘው ሬሳ ነው።

ከዚህ የተነሣ የሌላውን ሰው ሥራ ለመረከብ ለምትዘጋጁት ለእናንተ ሦስት ነገር እመክራለሁ።

አንደኛ፤ ከመለወጣችሁ በፊት ተቀመጡና ተመልከቱ። አንድ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ጊዜ ማጥፋት አይደለም። ማን እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ ከደጅ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ እወቁ። ጥቅሙ ያልታያችሁን ነገር ለመጣል አትቸኵሉ፤ ጥቅሙ ያልታያችሁ እናንተ ገና አዲስ ስለ ሆናችሁ ይሆናልና።

ሁለተኛ፤ የተረከባችሁት ሥራ የሚፈልገውን ድካም ሁሉ ተቀበሉ እንጂ ትርፉን ብቻ አትምረጡ። ዛይለር እንግዳው ሲከፍል ብቻ ሳይሆን ሲሞትም የእርሱ ነበረ። ብሪግስ ጥሪው በማዕድ ሰዓት ቢመጣም ይሄድ ነበር። የአንድ ቤት ፍቅር የሚገኘው ማንም ሒሳብ በማያስከፍልበት ሰዓት በተሠራ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፤ እናንተ ተረካቢ ሳትሆኑ ተመልካች የሆናችሁ እንደ ሆነ፣ ለአዲሱ ሰው ጊዜ ስጡት። «የድሮው ይሻል ነበር» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ስንፍና ነው። የድሮውም ሰው አንድ ቀን አዲስ ነበረ። አደራውን የሚያጐድል ከሆነ በግልጽ ንገሩት፤ የሚጠብቅ ከሆነ ግን 18 ዓመት ደጅ አታስጠኑት። ሰውን «የእኛ» ለማለት የዘገየ ሕዝብ፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ በስሙ ቢኰራ ምን ይጠቅማል?

በመጨረሻም ስለ ሻጩ አንድ ቃል ልጨምር። ቤቱን ለብዙ ዓመት የጠበቀ ሰው ሲደክመው መሸጡ ነውር አይደለም። ማንም በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ለዘላለም አይኖርም። ነገር ግን ገዢ ሲመርጥ ዋጋ የሚጨምረውን ብቻ አይፈልግ፤ ከቁልፉ ጋር ምክሩን፣ የደንበኞቹን ስም፣ የቤቱን ልማድ ያስረክብ። ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚሄድ ግድግዳ ሸጠ ይባላል፤ የሚያውቀውን ነግሮ የሚሄድ ግን ሥራውን ከሞት አዳነ ይባላል።

ድንጋይ ድንጋይን ይዞ ግንብ ይቆማል፤ ትውልድም ትውልድን ይዞ ሥራ ይቆማል። በመካከል ያለው ድንጋይ ከላዩ ያለውን ይሸከማል፤ ከታቹ ባለውም ላይ ይደገፋል። የእናንተ ስፍራ በዚያ መካከል ነው። ከበላያችሁ የሚመጣውን ለመሸከም ጽኑ፤ ከበታቻችሁ ያለውንም አትርሱ።